አራት ክለብ በአንድ ማልያ፦ የዳገናም ኤንድ ሬድብሪጅ ታሪክና የሰፈራችን ውህደት

የሳሙና በር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። ይህን ክር የከፈትሁት በጎንደር በሰፈራችን የሚገኙ ሁለት የታዳጊ ቡድኖች እንዲዋሃዱ ሐሳብ ቀርቦ ጉዳዩ ከአንድ ወር በላይ ሲያከራክረን በመቆየቱ ነው። እኔ የአንደኛው ቡድን ጸሐፊ ነኝ። እኛ ተጫዋች አለን፤ ነገር ግን የሜዳችን እኩሌታ ለግንባታ ከታጠረ ወዲህ ልምምድ የምንሠራው በልመና ቦታ ነው። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሜዳቸው ሙሉ ነው፣ የብረት ግብ ሳይቀር አቁመዋል፤ ልጆቻቸው ግን ለሥራ ፍለጋ ተበትነው አሥራ አንድ መሙላት አቅቷቸዋል። ውህደቱን የሚጠላ ሰው የለም። የስሙ ነገር ሲነሣ ግን ስብሰባው ያለ ውሳኔ ይበተናል።

በዚህ መካከል በእንግሊዝ ታችኛ ሊጎች የሚጫወት የአንድ ክለብ ታሪክ ይዞኝ ሰነበተ። ክለቡ ዳገናም ኤንድ ሬድብሪጅ ይባላል፣ መቀመጫውም የለንደን ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ትልልቆቹን የለንደን ክለቦች ስለሆነ ስሙን ያልሰማ ይበዛል ብዬ አስባለሁ። ታሪኩን ግን በደንብ ላጫውታችሁ እፈልጋለሁ፤ እኛ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ሁሉ እዚያ ሦስት ጊዜ ደርሷልና። የእንግሊዙን ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ።

በዚያ አካባቢ አራት ክለቦች ነበሩ። ኢልፎርድ በ1881 ተመሠረተ፣ ሌይተንስቶን በ1886፣ ዋልተምስቶው አቬኑ በ1900፣ ከሁሉም ታናሹ ዳገናም ደግሞ በ1949። ሦስቱ ቀዳሚዎች በአማተር እግር ኳስ ማለትም ተጫዋቹ ደመወዝ በማይቀበልበት ዘመን ስመ ጥር ነበሩ። የእንግሊዝን የአማተር ዋንጫ ኢልፎርድ በ1929 እና በ1930፣ ሌይተንስቶን በ1947፣ በ1948 እና በ1968፣ ዋልተምስቶው አቬኑ በ1952 እና በ1961 አንሥተዋል። በድምሩ ሰባት ዋንጫ መሆኑ ነው። ይህ የሰፈር ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ዋልተምስቶው አቬኑ ዋንጫውን በወሰደበት የ1952 ፍጻሜ ዌምብሊ ላይ 100,000 ሰው መገኘቱን ልብ ይበልልኝ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ላይ ይኸው ክለብ በኤፍ ኤ ካፕ አራተኛ ዙር ኦልድ ትራፎርድ ድረስ ሄዶ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። የድጋሚው ጨዋታ በአርሰናል ሜዳ በሃይበሪ ተደርጎ 5 ለ 2 ተሸነፈ እንጂ፣ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የዘመኑን የእንግሊዝ ሻምፒዮን በገዛ ሜዳው ይዘውት ወጥተዋል።

ታዲያ እንዲህ ያሉ ክለቦች ለምን ጠፉ? ዋናው ምክንያት ሽንፈት አልነበረም። በ1974 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በአማተርና በፕሮፌሽናል መካከል የነበረውን ልዩነት ሰረዘ፤ የአማተሩ ዋንጫም በዚያው ዓመት አበቃ፤ በመጨረሻው ፍጻሜ የተሸነፈው ደግሞ ይኸው ኢልፎርድ ነበር። ቴሌቪዥን ትልልቆቹን ክለቦች ቤት ድረስ ሲያመጣ የሰፈሩ ሜዳ ተመልካች እየሳሳ ሄደ። በሌላ በኩል ሜዳዎቹ ያረፉበት የለንደን መሬት ዋጋ በየዓመቱ ጨመረ። ቡድኑ እየከሳ የቆመበት መሬት ሲወፍር ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መጀመሪያ ኢልፎርድ ሜዳውን አጣና በሌይተንስቶን ሜዳ ጥገኛ ሆነ። በ1979 ሁለቱ ተዋሃዱና የሁለቱንም ስም ያዙ። ቀጥሎ የሌይተንስቶን ሜዳም ሄደ፣ ወደ ዋልተምስቶው አቬኑ ሜዳም ተሻገሩ፤ በ1988 ዋልተምስቶው አቬኑ ራሱ ገባበት። አሁን ሦስት ስም በአንድ ማልያ ላይ አልቀመጥ አለ። በ1989 አዲስ ስም አወጡ፦ ሬድብሪጅ ፎረስት። እዚህ ላይ ነው እኔን ብዕር ያስነሣኝ ነገር ያለው። ሬድብሪጅ ማለት ኢልፎርድ የሚገኝበት የለንደን ክፍለ ከተማ ነው። ፎረስት የተወሰደው ሌይተንስቶንና ዋልተምስቶው ከሚገኙበት ከዋልተም ፎረስት ነው። ሁለቱም ክፍለ ከተሞች የተቋቋሙት በ1965 ስለሆነ፣ ክለቦቹ የአባቶቻቸውን የመንደር ስም ትተው ገና 24 ዓመት የሆነውን የአስተዳደር ስም ወሰዱ ማለት ነው። የሆነ ሆኖ የሁሉም አገር በስሙ ውስጥ ነበረ።

በ1991 ሬድብሪጅ ፎረስት ሊጉን አሸንፎ ኮንፈረንስ ወደሚባለው አምስተኛው እርከን አደገ። የራሱ ሜዳ ስላልነበረው በዳገናም ክለብ ሜዳ፣ በቪክቶሪያ ሮድ ተከራየ። የሚገርመው፣ ባለ ሜዳው ዳገናም ከዚያው ኮንፈረንስ በ1988 ወርዶ ስለነበር ተከራዩ ከአከራዩ አንድ እርከን በላይ ይጫወት ነበር። አንዱ ቦታ አለው፣ ሌላው ደረጃ አለው። የእኛን ሁለት ቡድኖች ይህ አያስታውሳችሁም? በ1992 ተዋሃዱ፣ ዳገናም ኤንድ ሬድብሪጅም ተባሉ።

በዚያች ቀን ፎረስት የሚለው ቃል ወደቀ። ከሰባቱ የአማተር ዋንጫዎች አምስቱን ያመጡት የሌይተንስቶንና የዋልተምስቶው ሰዎች በስሙ ውስጥ ምንም ሳይቀርላቸው ቀረ። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው አይመስለኝም። ስም ሲረዝም አንዱ ቃል ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውም በዕለቱ ስብሰባው ላይ የሚከራከርለት ሰው የሌለው ነው። የእኔ ጭንቀት ይኸው ነው፤ በእኛ ስብሰባ ላይ የማይገኙት እነማን ናቸው?

---

የጃን ተከል ሰው

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ ከዋርካው ሥር ተቀምጬ የኳስ ወሬ ስሰማ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ከእንግሊዙ ይልቅ ስለ እኛው ብናገር ይሻለኛል።

ስም ነገር ያስከትላል ማለትህ እውነት ነው። ወጣቶቹ ፋሲል ከነማ ሲሉ ከነማ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ፋሲል በ1960 ሲመሠረት አገሩ ሌላ ነበር፤ አብዮቱ ከመጣ በኋላ ቀበሌና ከፍተኛ ሲቋቋም ስፖርቱም በዚያው ተደራጀ፣ የየከተማው ቡድን ከነማ ተባለ። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ቃሉን ጥለው ከተማ ወደሚለው ሄዱ። የእኛው ይዞት ቀረ። ዛሬ ያ ማኅበር ባይኖርም ቃሉ የዚያን ዘመን ሰዎች ይዞ ይኖራል። እንግዲህ የአስተዳደር ስም ሁሉ ባዶ ነው እንዳትል፤ ሰው ሃምሳ ዓመት ሲጠራው የሥጋ ዘመድ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር፣ በዚህችው ከተማ ሁለት ክለብ በአንድ ስታዲየም ሲጫወት አይተናል። ዳሸን ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ ሳለ ፋሲል ከታች ነበር። በ2008 ዳሸን ሲወርድ ፋሲል አደገ። አንዱ በደረጃው በር ሲወጣ ሌላው ገባ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የሚያዋህዳቸው ሰው ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ደረጃው ይተርፍ ነበር፤ የሜዳው ግርግዳ ላይ የተጻፈው ስም ግን ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ሳይዋሃዱ ቀሩ፤ ፋሲል በራሱ ስም በ2011 የኢትዮጵያን ዋንጫ፣ በ2013 የሊጉን ዋንጫ አነሣ።

የ2013ቱን ሳነሣ ስለ ሜዳ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ በጥቂት ከተሞች ተሰብስበው ስለተካሄዱ ሻምፒዮን የሆንነው በፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ ሳናስተናግድ ነው። ደስታው ደስታ ነበር፣ አልክድም፤ በየመንገዱ የወጣውን ሕዝብ አይቻለሁ። ነገር ግን እኔ ሁልጊዜ ከምቆምበት ጥግ ቆሜ አላየሁትም፤ ይህ እስከ ዛሬ በውስጤ አለ። ስለዚህ ሜዳ ያላቸውን ጎረቤቶቻችሁን አታሳንሱ። ተጫዋች በሁለት ዓመት ይገኛል፤ ሜዳ ከሄደ አይመለስም።

---

የማራኪ ልጅ ከለንደን

የተከበሩ የጃን ተከል ሰው፣ ቃልዎ ልቤን ነካው። እኔ ከጎንደር ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የምኖረው ከዳገናም ብዙ በማይርቅ ሰፈር ስለሆነ ያየሁትን ልናገር።

ቪክቶሪያ ሮድ ከዳገናም ኢስት ባቡር ጣቢያ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ሜዳው በመኖሪያ ቤቶችና በመጋዘኖች መካከል የተሸጎጠ ነው፤ የሚይዘው ሰው ከ6,000 ብዙም አይበልጥም፣ በአንዳንዱ ጎን ዛሬም ሰው ቆሞ ነው የሚያየው። የሥራ ባልደረባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወስደኝ ማልያው ለምን ቀይና ሰማያዊ እንደሆነ ጠየቅኋት። ቀዩ የዳገናም፣ ሰማያዊው የሬድብሪጅ ነው አለችኝ። ከጎናችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው ኮታቸውን ገለጥ አደረጉ። በውስጠኛው ገበር ላይ የዋልተምስቶው አቬኑ ትንሽ የብረት ምልክት ተሰክቷል። የአባታቸው ነው። አባትዬው ዋልተምስቶውን ይደግፉ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ሜዳው ከፈረሰ በኋላ እዚህ መምጣት ጀመሩ። «ለምን በውጭ በኩል አይሰኩትም?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እዚህ ያሉት ልጆች አያውቁትም፤ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ጨዋታው ያመልጠኛል» አሉኝ።

ሰፈሩ ራሱ እንዴት እንደተሠራ ካልተነገረ የክለቡ ነገር አይገባም። ከ1921 እስከ 1935 ባለው ጊዜ የለንደን አስተዳደር ቤኮንትሪ የሚባል ከ25,000 በላይ ቤቶች ያሉት የሠራተኛ መንደር በዳገናም ዙሪያ ሠራ። በ1931 ደግሞ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ተከፈተ። ሰው ሁሉ መጤ ነበር። እነ ኢልፎርድ የድሮ መንደር ክለቦች ሲሆኑ፣ የዳገናም ሰው ግን በፋብሪካ ፈረቃ የሚኖር ነውና ቡድኖቹም የፋብሪካ ቡድኖች ነበሩ። ቪክቶሪያ ሮድ ላይ ከዳገናም በፊት ይጫወት የነበረው ብሪግስ የሚባለው የመኪና አካል ፋብሪካ ቡድን ነው፤ ዳገናም የገባበት በ1955 ነው። የብሪግስ ቡድን ደግሞ በኋላ ከፎርድ ቡድን ጋር ተዋሃደና ፎርድ ዩናይትድ ሆነ፤ ፎርድ ዩናይትድም በ2004 ስሙን ለውጦ ሬድብሪጅ ተባለ። ስለዚህ ዛሬ ሬድብሪጅ የሚባል ሌላ ክለብ መኖሩን ስትሰሙ ግራ አይግባችሁ፤ ከእኛው ሬድብሪጅ ጋር ዝምድና የለውም። ፎርድ በዳገናም መኪና መገጣጠም ያቆመው በ2002 ነው። ፋብሪካው ሲያቆም ሜዳው ግን አልቆመም፤ ሰው የሚገናኝበት እሱ ቀረ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ዳገናም ታናሽ መሆኑ እንጂ ያገኘው አልተነገረም። በ1980 ዌምብሊ ላይ ሞስሊ የተባለውን ክለብ 2 ለ 1 አሸንፎ የታችኛ ሊጎች ክለቦች የሚወዳደሩበትን ዋንጫ፣ የኤፍ ኤ ትሮፊን ወስዷል። ወደ ውህደቱ ሜዳ ብቻ ይዞ አልመጣም።

---

የቁስቋም ተራራ

እኔ በዚህ ሁሉ ደስ አላለኝም፣ ምክንያቴንም በትዕግሥት ስሙኝ።

ውህደት ሲባል ሁለቱ ወንዞች ተቀላቅለው አንድ ትልቅ ወንዝ ሆኑ ተብሎ ይነገራል። ከኢልፎርድ ሰዎች አንጻር ብታዩት ግን ክለባቸው በ1979 የሌላ ስም ግማሽ ሆነ፣ በ1989 ስሙ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ከእነሱ መካከል ውህደቱን ያልተቀበሉ ነበሩና በ1987 ኢልፎርድን ከዜሮ እንደገና መሠረቱት። ያ አዲሱ ኢልፎርድ የሚጫወተው ክሪክልፊልድ በሚባል ሜዳ ነው፤ በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ ህንድና ፈረንሳይ የተጫወቱበት፣ ህንዶቹም አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው ተጫውተው 2 ለ 1 የተሸነፉበት ሜዳ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የዋልተምስቶው አቬኑ ሜዳ ግሪን ፖንድ ሮድም ቱርክና ቻይናን አስተናግዷል፤ እሱ ዛሬ የመኖሪያ ቤት ሆኗል። ሜዳ የተረፈለት ሰፈር ክለቡን መልሶ ተከለ። ሜዳ ያልተረፈለት ቀረ። የጃን ተከሉ አባታችን የተናገሩት እዚህ ጋ ይገጥማል።

ደግሞ ሳይዋሃዱ ቀርተው የዳኑም አሉ። በ1983 የኦክስፎርድ ዩናይትድ ባለቤት ሮበርት ማክስዌል ክለቡን ከሬዲንግ ጋር አዋህዶ ቴምስ ቫሊ ሮያልስ የሚባል አዲስ ክለብ ሊያቋቁም ተነሣ። የሁለቱም ደጋፊዎች ተቃወሙ፤ የኦክስፎርዶቹ ሜዳ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ሐሳቡም ፈረሰ። ኦክስፎርድ ከዚያ በኋላ በ1985 ወደ አንደኛው እርከን አድጎ በ1986 የሊግ ካፕን ወሰደ። ሊዋሃድ ነው ተብሎ ስሙ ሊቀበር የነበረ ክለብ ማለት ነው።

የሳሙና በር ወንድሜ፣ ተጫዋች የሌለው ቡድን ለአንድ ዓመት አርፎ ታዳጊዎች ቢያሳድግ ምን ይጎዳል? ለምን ወዲያው ወደ ማኅተም?

---

የሳሙና በር ልጅ

የቁስቋሙ ወንድሜ፣ ኦክስፎርድን ማንሣትህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱን እንይ። ኦክስፎርድና ሬዲንግ ሜዳም ደጋፊም ያላቸው፣ በሁለት የተለያዩ ከተሞች የሚኖሩ ክለቦች ነበሩ፤ ሊያዋህዳቸው የፈለገውም አንድ ባለ ሀብት ነው። የምሥራቅ ለንደኖቹን ያዋሃዳቸው ግን ችግር ነው። እነ ዋልተምስቶው አቬኑ ባይዋሃዱ ኖሮ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር ብሎ መናገር ለእኔ ይከብደኛል።

የተዋሃደው ክለብ ያገኘውንም መደበቅ የለብንም። መጀመሪያ የተዋሃደውን ቡድን የያዘው አሰልጣኝ ጆን ስቲል ነው፤ ከውህደቱ በፊት የሬድብሪጅ ፎረስት አሰልጣኝ የነበረ ሰው ነው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ከኮንፈረንሱ ሦስተኛ ወጡ። በ1996 ወረዱ፣ በ2000 ተመለሱ። በ2002 ከቦስተን ዩናይትድ ጋር እኩል ነጥብ ይዘው በግብ ክፍያ ብቻ ዋንጫውን አጡ፤ ቦስተን በኋላ በተጫዋቾች ውል ጉዳይ ጥፋተኛ ሆኖ በቀጣዩ ዓመት 4 ነጥብ ተቀነሰበት እንጂ ዋንጫው አልተመለሰም። በ2003 ወደ ላይ ለማደግ በሚደረገው የማለፊያ ውድድር ፍጻሜ ዶንካስተር በወርቃማ ግብ፣ ማለትም በጭማሪ ሰዓት መጀመሪያ ያገባው በሚያሸንፍበት ደንብ፣ 3 ለ 2 አሸነፋቸው። ይህን ሁለት ዓመት በተከታታይ መሸከም ቀላል አይደለም። ስቲል በ2004 ተመልሶ መጣና በ2007 ኮንፈረንሱን አሸንፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮንፈረንሱ በላይ ወዳለው ወደ እንግሊዝ ፉትቦል ሊግ ገቡ። በ2010 ዌምብሊ ላይ ሮዘራምን 3 ለ 2 ረትተው ወደ ሦስተኛው እርከን ወጡ። ከአራቱ አባት ክለቦች አንዱም እዚያ ደርሶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለው መውረድ ነው፦ በ2011 ከሦስተኛው፣ በ2016 ከፉትቦል ሊጉ፣ በ2025 ደግሞ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው። ዛሬ እንደገና ከታች ናቸው። ግን አሉ።

አንድ ዓመት እንረፍ ስላልኸው፣ ሐሳቡ በእኛም ስብሰባ ተነሥቷል። የጎረቤቶቻችን አሰልጣኝ የመለሱትን ልንገርህ፦ «ሜዳው ላይ አንድ ዓመት ሰው ካልተጫወተ፣ ሜዳ መሆኑን የሚያስታውስ አይኖርም» አሉ።

---

ሒሳብ ያዥ

እኔ ለአንድ ማኅበር ሒሳብ ስይዝ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ስለ ወረቀቱ ጥቂት ልበል።

በማንኛውም የክለብ ውህደት ውስጥ አራት ነገሮች ይሻገራሉ፦ በውድድሩ ውስጥ ያለው ቦታ፣ ሜዳው፣ ዕዳው እና ስሙ። ሰዎች ሁልጊዜ በአራተኛው ይጣላሉ፤ ሦስቱን ግን ሳያነቡ ይፈርማሉ። ከላይ የተተረከው የዳገናም ነገር ይህንኑ ያሳያል፤ ሬድብሪጅ ፎረስት የኮንፈረንስ ቦታ አመጣ፣ ዳገናም ሜዳ አመጣ፣ ሁለቱም የያዙትን ስላወቁ ስምምነቱ ቆመ። በእናንተ ዘንድ ሜዳው በማን ስም ነው የተያዘው? በቡድኑ፣ በቀበሌው ወይስ በአንድ ግለሰብ? የውድድር ምዝገባውስ? አንዱ ቡድን ለማልያ ሰፊ የሚከፍለው ቀሪ ካለበት ዕዳው የማን ነው? እኔ ራሴ የነበርሁበት አንድ ማኅበር ከሌላ ጋር ሲዋሃድ የጋራ ንብረት ዝርዝር ሳይጻፍ ስለቀረ አንድ ጀነሬተር ለሁለት ዓመት አከራክሮናል፤ ወዳጅነታችን ያለቀው በስም ሳይሆን በጀነሬተር ነው።

ስለ ስሙም ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ላንሣ። በዴንማርክ ኢካስት እና ሄርኒንግ ፍሬማድ የሚባሉ የጎረቤት ከተሞች ክለቦች በ1999 ሲዋሃዱ የሁለቱንም ስም ትተው የአካባቢውን ስም ወሰዱ፤ ሚድትዩላንድ ተባሉ። በ2015 የአገራቸው ሻምፒዮን ሆነዋል። ማንም አልተቆረጠም፤ ማንም ግን ሙሉ በሙሉ አልተጠራም። ለሁለት የማይስማሙ ሰፈሮች ይህ የሚሻል ይመስለኛል። ቢሆንም ስሙን ከመምረጣችሁ በፊት ዝርዝሩን ጻፉ፤ ኳስ ስንት፣ መረብ ስንት፣ ማልያ ስንት፣ ቃለ ጉባኤ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ።

---

የማራኪ ልጅ ከለንደን

ሒሳብ ያዡ ወንድማችን ስለ ቃለ ጉባኤ ያሉትን እደግፋለሁ። እኔን የሚያሳዝነኝ ስሙ መቆረጡ ብቻ አይደለም። እዚያ የቆሙት ሽማግሌ የአባታቸውን ምልክት በኮታቸው ውስጥ የደበቁት፣ ክለቡ የእሳቸውን ታሪክ የራሱ አድርጎ በግልጽ የሚናገርበት ቦታ ስላላዩ ነው። ስሙ ሁለት ቃል ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ የመግቢያው በር አጠገብ ያለ ግድግዳ ግን አራት ስም ይይዛል፣ አራት ዓመተ ምሕረትም ይይዛል። የእኛዎቹ ልጆች ግድግዳ ባይኖራቸው መዝገብ አላቸው።

---

የቁስቋም ተራራ

ስለ አሰልጣኙ መልስ የተጻፈውን አንብቤ ዝም ብዬ ቆየሁ። የእኛ ሰፈር ሜዳ እንደዚያ ነው የሄደው፤ አንድ ክረምት ሰው ሳይጫወትበት ከረመ፣ ከመስቀል በኋላ ስንመለስ ድንጋይ ተራግፎበት አገኘን። ስለዚህ አንድ ዓመት ይረፉ ያልሁትን አነሣለሁ። የስሙን ግን አላነሣም። ሁለቱም ስም ይግባ፤ ቢረዝም ይርዘም። የሜዳ ዳር ሰው ማሳጠሩን ራሱ ያውቅበታል፣ ያኔ ማንም በስብሰባ አልተቆረጠም ማለት ነው።

---

የሳሙና በር ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጎረቤቶቻችን ሜዳ ላይ ተሰብስበን ነበር፤ የሒሳብ ያዡን ዝርዝር አትሜ ሄድሁ።

ሜዳው በቡድኑ ስም በጽሑፍ ያልተያዘ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁላችንንም አስደነገጠን፤ የስሙም ክርክር በዚያው ቀዘቀዘ። ሦስት ሰዎች ተመርጠው የሜዳውን ጉዳይ በጽሑፍ ለማስያዝ ሰኞ ወደሚመለከተው ክፍል እንዲሄዱ ተወሰነ። እስከዚያ ማንም ማኅተም አይነካም።

ስሙን በተመለከተ፣ የሁለቱም ስም በቅደም ተከተል እንዲገባና የማን ይቅደም የሚለው በዕጣ እንዲለይ የቀረበው ሐሳብ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል፤ ገና አልጸደቀም። ከዚህ ሌላ የሁለቱ ቡድኖች መዛግብት በአንድ እንዲጠረዙ ተስማምተናል። የእኛ መዝገብ ጥግ ጥጉ ተበልቷል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጫዋቾች ስም በእርሳስ ተጽፎ ደብዝዟል፤ ከአሥራ አምስቱ ስሞች ሰባቱን ብቻ ነው ማንበብ የቻልሁት። የጎረቤቶቻችንን ልብስ ለብዙ ዓመት ሲያጥቡና ሲያስቀምጡ የኖሩት እናት ስብሰባው ላይ አልተጠሩም ነበር፤ ሰው ልከን አስመጣናቸው። ገጹን ሳሳያቸው ከቀሩት ስምንት ስሞች አምስቱን በቃላቸው ነገሩኝ። ከእነዚህ ሁለቱ በመጀመሪያ የተጫወቱት ለጎረቤቶቻችን ቡድን ነበር።

---

የጃን ተከል ሰው

ልጄ፣ ስማቸው ያልታወቀውን የቀሩትን ሦስት ልጆች ቁመታቸውንና የተጫወቱበትን ቦታ ጽፈህ ላክልኝ። በዚያ ዘመን በግራ ክንፍ የሚጫወት አንድ ቀጭን ልጅ ነበር፤ እኅቱ አዘዞ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ስለምሄድ እጠይቅልሃለሁ።